ከአጎቴ የወረስኩት ያረጀ ቫዮሊን፤ ይጠገን ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

ዝም_ያለ_ክር

ሰላም ለሁላችሁም። አጎቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሳምንት ዕቃውን ስናስተካክል ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቫዮሊኑን አገኘን። ልጅ ሳለሁ ሲጫወትበት እሰማ ነበር። «አንቺ ነሽ የምትወርሺው» ይለኝ ነበር። ከዚያ ግን ለብዙ ዓመት ማንም አልነካውም።

ያለበት ሁኔታ እንዲህ ነው። የቀረው ሁለት ክር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ዝገዋል። ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ድልድይ ወድቆ ሳጥኑ ውስጥ ተገኘ። የጣት ሰሌዳው ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል፤ ጥቁሩ ለቆ ነጣ ያለ እንጨት ብቅ ብሏል። ፊቱ ላይ ሁለት ስንጥቅ አለ። አንዱ ከታችኛው ጠርዝ ተነስቶ አራት ጣት ያህል ይሄዳል። ሌላው ከቀኙ የኤፍ ቀዳዳ (የኤፍ ፊደል ከሚመስለው የድምፅ መውጫ) ይጀምራል። ስነቀንቀው ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ደጋኑ ላይ ደግሞ ፀጉር የሚባል አልቀረም።

በኤፍ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሳይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። የታዋቂውን ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ ስም፣ «አንቶኒዩስ ስትራዲቫሪዩስ» ይልና 1721 የሚል ዓመት አለው። ልቤ ቀጥ አለ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እውነት ሊሆን ይችላል? ካልሆነስ መጠገኑ ያዋጣል?

እንጨት_ወዳጅ

ነፍሱን ይማር። እኔ ቫዮሊን አላውቅም፤ እንጨት ግን እሠራለሁ። ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ኮላ በቀጭኑ አስገብተሽ በመያዣ ብታጣብቂው ከድሮው በላይ ይጠነክራል። ፊቱን ደግሞ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ አዲስ ቫርኒሽ ቀቢው። ሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

ሙጫና_መላጊያ

እህቴ፣ አጎትሽን ነፍስ ይማር። ብዙ ዓመት የባለ ክር መሣሪያ ጠግኛለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ አደራ፦ ክር እንዳትወጥሪበት። የሚንኳኳው የድምፅ ምሰሶው ነው። ሙጫ ሳይነካው በፊቱና በጀርባው መካከል ተጣብቦ ብቻ የሚቆም ዘንግ ነው። ስፕሩስ ከሚባል ቀላል እንጨት ይሠራል፤ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጣሊያኖች «አኒማ» ይሉታል፣ ነፍስ ማለት ነው። አራቱ ክሮች ሲወጠሩ ጉተታቸው ተደምሮ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ከዚያ ላይ ጥቂት የማይባለው በድልድዩ በኩል ፊቱን ቁልቁል ይጫነዋል። ምሰሶው ከሌለ ፊቱ ይሰምጣል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው አደራዬ ስለ ኮላው ነው። እንጨት_ወዳጅ፣ በቅንነት እንደጻፍክ አውቃለሁ፤ ለወንበርና ለጠረጴዛ ትክክል ነህ። የቫዮሊን ሙጫ ግን ከእንስሳ ቆዳ ነው የሚሠራው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር መጋጠሚያው ቀድሞ ይከፈትና ፊቱ ከመሰንጠቅ ይተርፋል። የተከፈተ መጋጠሚያ መልሶ ማጣበቅ ቀላል ሥራ ነው። ኮላ ግን እሺ ብሎ አይለቅም፤ ስለዚህ የሚቀደደው እንጨቱ ይሆናል። በዚያ ላይ አንዴ ኮላ የጠጣ ስንጥቅ በኋላ ትክክለኛውን ሙጫ አልቀበልም ይላል።

ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ፤ እንደማታዝኚብኝ ተስፋ አለኝ። ስትራዲቫሪ ክሬሞና ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1737 ነው ያረፈው። ከሥራው እስከ ዛሬ የቆዩት መሣሪያዎች ወደ 650 ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹ ማን ዘንድ እንዳሉ ይታወቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ግን በጀርመን ማርክኖይኪርሸን፣ ዛሬ ሉቢ በምትባለው የቼክ ከተማ ሾንባክ፣ በፈረንሳይ ሚርኩር ለቁጥር የሚያታክት ቫዮሊን ተሠርቶ ያው ስም ተለጥፎበታል። ብዙ ጊዜ ሰው ለማታለል አልነበረም። «በእሱ ቅርጽ የተሠራ» ለማለት ነበር። የሌሎቹ ስመ ጥር ሠሪዎች፣ የአማቲም፣ የጓርኔሪም፣ የስታይነርም ስም እንደዚሁ ተለጥፏል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱን እርሺው።

እስኪ ክሮቹን አላልተሽ አውጪና በጨለማ ክፍል ትንሽ መብራት በኤፍ ቀዳዳው አስገቢ። ስንጥቅ ካለ ብርሃኑ ሾልኮ ይታይሻል። ጀርባውን በደንብ እዪ፤ በተለይ ምሰሶው ይቆምበት የነበረውን ቦታ። እዚያ ስንጥቅ ካለ ነገሩ ይከብዳል። ከዚያ የጥርስ ሐኪም መስታወት የመሰለ ትንሽ መስታወት ካገኘሽ አራቱን ማዕዘን ከውስጥ ተመልከቺ። እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ድጋፍ እንጨት አለ ወይስ ባዶ ነው? የጀርባውንም ርዝመት ለኪ፤ አንገቱ ሥር ያለውን ትንሽ ጉብታ ሳትጨምሪ።

ሦስተኛ_ፖዚሽን

እኔ ተጫዋች እንጂ ጠጋኝ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶ ስታነሺ ቫርኒሹ ያለቀበትን ቦታ በቅርብ አንሺልን። አሮጌ ቫዮሊን ላይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አዲስ_ጀማሪ

የአገር ስም የተጻፈባቸውም አሉ ይባላል። እሱስ ይረዳል?

ሙጫና_መላጊያ

አዎ፣ በመጠኑ። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ የተነሳ ከ1891 ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲይዝ ግድ ሆነ። ወረቀቱ ላይ የአገር ስም ካለ እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው ለማለት ያስችላል። ከሌለ ግን ምንም አያረጋግጥም። ዕቃው ወደ ሌላ አገር ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ዝም_ያለ_ክር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ።

መብራቱን ሳስገባ ሁለቱም የፊት ስንጥቆች በቀጭን የብርሃን መስመር ታዩ። ጀርባው ላይ ምንም የለም፤ ሦስቴ ነው ያየሁት። የጀርባው ርዝመት 358 ሚሊ ሜትር ነው። ማዕዘኖቹ ከውስጥ ባዶ ናቸው፤ ሁለቱ የጎን እንጨቶች እርስ በእርስ ተጣብቀዋል፣ በቃ። ታችኛው ጠርዝ ላይ በግራ በኩል መጋጠሚያው ተከፍቷል፣ ወረቀት ይገባል።

ሌላ ደግሞ ያስገረመኝ ነገር አለ። ከታች ያለውን ቁልፍ ነቅዬ በቀዳዳው አጮለቅሁ። ፊቱን ከውስጥ ደግፎ የሚሄደው ረጅሙ እንጨት ተለጥፎ የገባ አይመስልም። ከፊቱ ጋር አንድ ነው፤ የእንጨቱ መስመር አይቋረጥም። ዙሪያውም የመሮ ጠባሳ ብቻ ነው።

አንገቱ ላይ ከራሱ በታች ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር አለ። ይህ የጥንት ምልክት ነው የሚል አንብቤ ነበር።

ሙጫና_መላጊያ

ጎበዝ። ከብዙ ባለሙያ ይልቅ አጥርተሽ ነው ያየሽው።

እንግዲህ ላስረዳሽ። በማዕዘኑ ውስጥ ድጋፍ የሌለው፣ ባስ ባሩም ከፊቱ ጋር አንድ ላይ የተፈለፈለ ቫዮሊን በተለይ የሳክሶኒና የቦሄሚያ (ቅድም ያልኩሽ ማርክኖይኪርሸንና ሾንባክ ያሉባቸው) የጎጆ ሥራ ነው። ባስ ባር የምንለው ያንን ረጅም እንጨት ነው። እዚያ አንዱ ቤተሰብ ራስ ብቻ ይጠርባል፣ ሌላው ፊትና ጀርባ፣ ሌላው አንገት። አንድ ሰው ሰብስቦ ይገጣጥመዋል። ፍጥነት ይጠይቅ ስለነበር ከውጭ የማይታየው ቦታ ብዙም አይለፋበትም። የጣት ሰሌዳሽ ነጣ ማለቱም ወደዚያው ይጠቁማል። ኢቦኒ፣ ማለት ዞጲ፣ እስከ ልቡ ጥቁር ነው፤ ቢጎደጉድም አይነጣም። ያንቺ ጥቁር የተቀባ ሌላ እንጨት ነው።

የአንገቱ መስመር ነገር እንዲህ ነው። በ1800 ገደማ ሙዚቃው ከፍ ያለ ድምፅና ረጅም አንገት ሲፈልግ የድሮ ቫዮሊኖች የመጀመሪያ ራሳቸው ተጠብቆ አዲስ አንገት ተቀጠለላቸው። ስለዚህ እውነተኛ ቅጥል የዕድሜ ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እነዚያው ጎጆዎች ዕቃው ጥንታዊ እንዲመስል መስመሩን በስለት ይጭሩት ነበር። እንዴት ትለያለሽ? የእንጨቱን ጅማት ተከተዪ። መስመሩን ተሻግሮ ሳይቋረጥ ከሄደ እንጨቱ አንድ ነው፣ ቅጥል የለም። መስመሩ ላይ አቅጣጫውን ከቀየረ ቅጥሉ እውነት ነው።

ዝም_ያለ_ክር

አሁን በማጉያ አየሁት። አይቋረጥም። ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ሙጫና_መላጊያ

እንግዲያው በ1900 ዙሪያ የተሠራ የጎጆ ቫዮሊን ነው እላለሁ። በእጄ ሳልይዘው ከዚህ አልፌ አልናገርም።

ዝም_ያለ_ክር

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ለገንዘቡ አይደለም። አጎቴ ራሱ ጥንታዊ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ሦስተኛ_ፖዚሽን

እህቴ፣ ፎቶዎቹን አየኋቸው። የማየውን ልንገርሽ።

ያኔ ብዙ ቫዮሊን አዲስ ሆኖ እያለ እንዲያረጅ ይቀባ ነበር። ቫርኒሹን ከጀርባው መሃል ፈግፍገው ጥላ ጥላ ያስመስሉታል። ያንቺም ጀርባ ላይ እሱ አለ፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። የሰው እጅ ግን እኩል አይበላም። አሁን ከአንገቱ በስተቀኝ ያለውን ትከሻ እዪ፤ ከቀጭኑ ክር በኩል። እዚያ ጎኑም ጠርዙም እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ተልጧል። ጠርዙ ራሱ ክብ ሆኗል። ይህን በቀለም የሚሠራው የለም። ፖዚሽን የምንለው እጅ አንገቱ ላይ የሚቆምበትን ቦታ ነው፤ የግራ መዳፍ ወደ ሦስተኛ ፖዚሽንና ከዚያ በላይ ሲወጣ የሚያርፈው እዚያ ነው። መጀመሪያው ፖዚሽን ላይ ብቻ የሚጫወት ሰው ያንን ቦታ አይነካውም። አጎትሽ፣ ወይም ከእሱ በፊት የነበረው ሰው፣ ጠንክሮ ይጫወት ነበር።

ሌላም አለ። ከክር መያዣው በስተግራ ቫርኒሹ በላብ ተበልቷል። የአገጭ ማሳረፊያ ከሌለው ሰው አገጩን በቀጥታ እንጨቱ ላይ ያደርጋል። ማሳረፊያውን ቫዮሊኒስቱ ሉዊስ ሽፖር በ1820 አካባቢ እንዳመጣው ይነገራል፤ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው ያለ እሱ ኖሯል። አጎትሽ ማሳረፊያ ነበረው?

ዝም_ያለ_ክር

አልነበረውም! የታጠፈ መሐረብ ነበር የሚያደርግበት። ሰማያዊ መሐረብ። ሳጥኑ ውስጥ አሁንም አለ።

ይህን ስጽፍ እንባዬ መጣ። አመሰግናለሁ።

አዲስ_ጀማሪ

እንዲህ ከሆነ ድምፁ ዋጋ የለውም ማለት ነው? ጥሩ ድምፅ ያለው የድሮ ጣሊያን ብቻ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ሦስተኛ_ፖዚሽን

እንደሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ላይ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ዓይናቸው ተጋርዶ ስድስት ቫዮሊን ሞከሩ። ሦስቱ አዲስ ናቸው፤ ከቀሪዎቹ ሁለቱ የስትራዲቫሪ፣ አንዱ የጓርኔሪ ዴል ጄሱ። ብዙዎቹ የወደዱት ከአዲሶቹ ነው። ከሁሉ ያነሰ የተመረጠው ደግሞ አንዱ ስትራዲቫሪ ሆነ። ጥናቱ በ2012 ታተመ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በ10 ሶሎይስቶች (ብቻቸውን መድረክ ላይ በሚጫወቱ) ተደገመ፤ እዚያም ብዙዎቹ ያዘነበሉት ወደ አዲሶቹ ነበር። ይህ ማለት የድሮዎቹ ጥሩ አይደሉም ማለት አይደለም። ስም ሳያዩ መስማት እንደሚቻል ያሳያል። የጎጆ ቫዮሊንም በደንብ ከተስተካከለ ሲያምር ሰምቻለሁ። ሳይስተካከል ደግሞ የትኛውም ያስጠላል።

ትዝብት_77

ስለ ቫርኒሹ አንድ ቃል። እባክሽን እንዳትነኪው። እኔ የአባቴን ቫዮሊን ለአንድ የዕቃ አዳሽ ሰጠሁት። በሁለት ሳምንት እንደ መስታወት እያብለጨለጨ መለሰልኝ። የአባቴ አውራ ጣት የበላው አንገት በወፍራም ቫርኒሽ ተሸፍኗል፤ እጅ ላይ ይጣበቃል። ድምፁም ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ መሰለ። ጠጋኙ ሲነግረኝ ፊቱ ተፈግፍጎ ሳስቷል። የሳሳ እንጨት አይመለስም። አሁንም ሳየው ያንገበግበኛል።

እንጨት_ወዳጅ

ትዝብት፣ በጣም አዝናለሁ። ያንን ምክር የሰጠሁት እኔ ነኝና እዚሁ አንስቼዋለሁ። ማንም እንዳይከተለው። ግን ልማር ብዬ ነው፣ ታዲያ በምን ይጸዳል? ያ ከደጋኑ ፀጉር የሚረግፈው ነጭ የሮዚን (የዛፍ ሙጫ) ክምር ለዘላለም ይቀመጥ?

ሙጫና_መላጊያ

ጥሩ ጥያቄ ነው። አልኮል ክልክል ነው። ቫርኒሹ የአልኮል ዓይነት ከሆነ ሮዚኑን ብቻ አያነሳም፤ አብሮት ይሟሟል። የቤት ዕቃ ማብሪያ ዘይትም እንዲሁ፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በኋላ ሙጫ አያሲዝም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ተጀምሮ፣ ከዚያ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጥጥ ትንሽ ትንሽ ቦታ ይሞከራል። ለላብና ለእጅ እድፍ ብዙ ጠጋኞች ምራቅ ይጠቀማሉ። ሰው ይገርመዋል፤ ግን ምራቅ ውስጥ እድፍን የሚፈቱ ነገሮች አሉ። የደረቀ የሮዚን ቅርፊት ግን ለባለሙያ ይተው።

ለውስጡ አቧራ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ በኤፍ ቀዳዳው ይገባና ቀስ ተብሎ ይናጣል። አቧራውን ጠቅልሎ ይወጣል። ያንቺ ፊት ስንጥቅ ስላለው ግን አሁን አታድርጊው።

ወደ ጥገናው ልምጣ። የታችኛው ስንጥቅ ከምን እንደመጣ እገምታለሁ። ጠርዙ ላይ የክር መያዣው ገመድ የሚያርፍበት ጥቁር እንጨት አለ። የፊቱ ስፕሩስ በድርቀት ወደ ጎን ሲኮማተር እሱ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ፊቱን እንደ ሽብልቅ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ብቻ ተጣብቆ እሱ ካልተስተካከለ በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ይመለሳል። በሁለቱም ጫፍ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ሊተውለት ይገባል።

ፊቱ ተከፍቶ ሁለቱ ስንጥቆች በቆዳ ሙጫ ይያያዛሉ፤ ከውስጥ በኩል ትናንሽ የስፕሩስ ቁራጮች ተሻግረው ይለጠፋሉ። ባስ ባሩን መቀየር የሚሉሽ ይኖራሉ። እኔ ከሆንኩ እተወዋለሁ፤ መቶ ዓመት ተሸክሟል። የጣት ሰሌዳው ግን ይለወጥ፤ የተቀባው እንጨት ለስላሳ ነው፣ ቢላግም ተመልሶ ይጎደጉዳል። የመቃኛዎቹ ቀዳዳዎች ሰፍተው ከሆነ በእንጨት ተደፍነው እንደገና ይበሳሉ። ድልድዩ አዲስ ይሁን። የወደቀው ድልድይ ቢጎብጥም አትጣይው፤ ቁመቱ ለጠጋኙ መነሻ ይሆነዋል።

ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ በገበያ ስሌት ብቻ ካየነው ፊት የሚከፈትበት ሥራ ከእንዲህ ያለ ቫዮሊን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ደስ አይለኝም። ግን ጀርባው ጤነኛ ነው፣ አንገቱ አልተነቃነቀም፣ የብል ቀዳዳ አላየሽም። የሚጫወትበት ሰው ካለ እኔ እጠግነዋለሁ። እና አንድ ምክር፣ ዋጋውን የሚገምትልሽ ሰው ራሱ ሊገዛው የሚፈልግ አይሁን።

ዝም_ያለ_ክር

የሚጫወትበት ሰው አለ። እኔ እማራለሁ።

ዝም_ያለ_ክር (ከአራት ወር በኋላ)

ትናንት ተረከብኩት! ጠጋኙ ፊቱን ሲከፍት ከውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አገኘ፣ 14። ሌላ ምንም የለም። የአንዱ ጎጆ የሥራ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ፎቶ አንስቶ ሰጠኝና ዘጋው። ቫርኒሹ አልተነካም። ትከሻው ላይ የተላጠው ቦታ እንዳለ ነው፤ መዳፌን ሳሳርፍበት ልክ ይገባል።

መጀመሪያ ድምፁ ጠበብ ያለ ነበር። ጠጋኙ በቀዳዳው ቀጭን ብረት አስገብቶ ምሰሶውን በጣም በጥቂቱ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ፣ ወደ ውጭ ነካው። ወፍራሙ ክር ወዲያው ተከፈተ። እዚያው ቆሜ ነው የሰማሁት፤ እንደዚያ ያለ ልዩነት ከዚያች እንቅስቃሴ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

አንድ ችግር ግን አለ። ኤ ክር ላይ በአንደኛው ጣት ሲ ሻርፕ ስነካ፣ ማለቴ በሁለተኛው፣ ዝዝዝ የሚል ነገር ይሰማል። ስንጥቁ ተመልሶ ይሆን? በጣም ፈርቻለሁ።

ሙጫና_መላጊያ

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ! አትፍሪ። ተጠግኖ ገና የወጣ ስንጥቅ የመጨረሻው ጥርጣሬ ነው። መጀመሪያ የክር መያዣው ላይ ያሉትን ትናንሽ የመቃኛ ብሎኖች አንድ በአንድ በጣትሽ ያዢ፤ እየያዝሽ ያንኑ ኖታ ተጫወቺ። ከዚያ ጠርዙን ዙሪያውን በጣትሽ አጥንት በቀስታ አንኳኪ። መጋጠሚያ የከፈተ ቦታ ካለ ድምፁ ይቀየራል።

ዝም_ያለ_ክር

የኢ ክር ብሎን ነው! ላልቶ ነበር። ሳጠብቀው ጠፋ።

ሦስተኛ_ፖዚሽን

መሐረቡንስ?

ዝም_ያለ_ክር

አጥቤ ተኩሼዋለሁ። አገጬ ሥር ነው።